ኪዩቢዝም የአንድ ሌሊት ተንኮል አልነበረም

ሰሞኑን ስለ ኪዩቢዝም፣ ነገሮችን ሰባብሮ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚያሳየው የሥዕል ስልት፣ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር ሰንብቷል። ከላኩልኝ ሰዎች አንዱ “የፒካሶህ ጉድ ፈላ” የሚል መልእክት ጨምሮበታል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እውነት ለመናገር ጥሩ ተጽፏል። ያስቃል፣ ያናድዳል፣ አያሰለችም። ስለ ሥዕል ታሪክ በአማርኛ ይህን ያህል ሰው ሲያነብና ሲከራከር ማየትም ደስ ይላል። ችግሩ ጽሑፉ የሚለውና በተግባር የሆነው ነገር አይገናኙም።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ስፔናዊው ሰዓሊ ፒካሶ ወደ ኪዩቢዝም የሄደው እንደ ሰው መሣል ስላቃተው ነው ይላሉ። በሥዕሎቹ ውስጥ ቁም ነገር የሚመስለው ሁሉ ከአንስታይን የፊዚክስ ንድፈ ሐሳብ፣ ከሪላቲቪቲ፣ የተወሰደ ነው። ፒካሶ ነገሩን ብቻውን፣ በ1907፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ሥዕል ጀመረው፤ ዦርዥ ብራክ የሚባለው ፈረንሳዊ ሰዓሊ ጭራ ነው። ያም ቢሆን የራሱ አይደለም፤ ከአፍሪካ፣ በተለይም ዛሬ ፓሪስ ውስጥ ካሉት የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች የተሰረቀ ነው፤ የእኛ ሰዓሊዎች ቀድመው ኪዩቢስት ነበሩ። በመጨረሻም ነገሩ ሁሉ የሥዕል ነጋዴዎች ሀብታም ለማለብ ያቀናበሩት ገበያ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ዝርዝር ውስጥ ሳልገባ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ ክሶች አብረው መቆም አይችሉም። ሥዕሉ ከጎንደር ከተሰረቀ ከአንስታይን አልመጣም። ፒካሶ ብቻውን ከፈጠረው ደግሞ ከማንም አልሰረቀም። ጸሐፊው ያገኙትን ድንጋይ ሁሉ ወርውረዋል። ይሁን፤ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

“መሣል አይችልም” የሚለው ቶሎ ያልቃል። ባርሴሎና በሚገኘው የፒካሶ ሙዚየም “ሳይንስና ምጽዋት” የሚባል ትልቅ ሥዕል አለ። አንዲት በሽተኛ አልጋ ላይ ተኝታለች። በአንድ በኩል ሐኪም የእጇን ትርታ ይቆጥራል። በሌላ በኩል ሕፃን የታቀፈች መነኩሴ የሚጠጣ ነገር ታቀብላታለች። ፒካሶ ይህን በ1897 ሲሥል ገና 15 ዓመቱ ነበር። ለሐኪሙ ሞዴል ሆኖ የተቀመጠለት የሥዕል መምህሩ አባቱ ነው። የልጅነት ሥራ አያሳምንም ካላችሁ ደግሞ ፒካሶ አምብሯዝ ቮላር የሚባለውን የሥዕል ነጋዴ የሣለባቸውን ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። የ1910ሩ ሞስኮ፣ ፑሽኪን ሙዚየም አለ። ሰውዬው እንደ ተሰበረ መስታወት ተበታትኗል፤ ያ ትልቅ ራሰ በራ ግንባሩና የተከደኑ ዓይኖቹ ግን አይጠፉም። የ1915ቱ ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለ የእርሳስ ንድፍ ነው። የኮቱ እጥፋት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሠሪው ያው ሰው፣ ተሠሪውም ያው ሰው ነው። አንደኛውን መንገድ የመረጠው ሌላው ስላቃተው አይደለም።

ከ1910 እስከ 1912 ያሉት ሥዕሎች ለማንበብ እንደሚከብዱ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። አንዳንዶቹን የፒካሶ ይሁኑ የብራክ ለመለየት የለመደ ዓይንም ይቸገራል።

አንስታይን ላይም ብዙ አልቆይም። የሪላቲቪቲ ጽሑፉ በ1905 የወጣው በጀርመንኛ የፊዚክስ መጽሔት ነው። ስሙ በየጋዜጣው የገነነው በ1919 ከተደረገው የፀሐይ ግርዶሽ ምልከታ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኪዩቢዝም ዋና ሥራውን ጨርሶ ነበር። ጸሐፊው ከባዶ እንዳልተነሡ ግን አውቃለሁ። በፓሪስ ሰዓሊዎች መካከል ከርዝመት፣ ከወርድና ከቁመት ሌላ ስላለ “አራተኛ ልኬት” ብዙ ይወራ ነበር። ሞሪስ ፕሪንሴ የሚባል የኢንሹራንስ ሒሳብ ባለሙያ ወዳጃቸው ስለ ጂኦሜትሪ ያጫውታቸዋል። ዣን ሜትዛንዤን የመሳሰሉት ሰዓሊዎችም ወሬውን ወደውታል። ያ ግን የጂኦሜትሪ ጨዋታ እንጂ የአንስታይን ፊዚክስ አይደለም። ፒካሶ በ1923 በሰጠው ቃለ ምልልስ ኪዩቢዝምን በሒሳብ፣ በኬሚስትሪ፣ በሳይኮአናሊሲስ ለማብራራት መሞከርን “ከንቱ ወሬ ላለማለት፣ ድርሰት ነው” በሚል መንፈስ አጣጥሎታል። አንስታይንም በ1946 አንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሁለቱን አያይዞ ጽፎ ሲልክለት፣ ይህ አዲስ የሥዕል ቋንቋ ከሪላቲቪቲ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ብሎ መልሶለታል። ባለጉዳዮቹ ሁለቱም አልተዋወቅንም ካሉ እኛ ምን አግብቶን እናጋባቸዋለን?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። “ፒካሶ ብቻውን፣ በአንድ ሥዕል” የሚለው ነው ለመጻፍ ያስነሣኝ። ይህን የሚሉት ፒካሶን የሚጠሉ ብቻ አይደሉም። አምላኪዎቹም እንዲሁ ነው የሚያወሩት።

ሥዕሉ “የአቪኞን ኮረዶች” ነው፤ አምስት ራቁት ሴቶች ይታዩበታል፣ የሁለቱ ፊት ጭምብል ይመስላል። ፒካሶ በ1907 ሞንማርትር በሚባለው የፓሪስ ሰፈር፣ ባቶ ላቯር በሚባል የተጎሳቆለ ቤት ውስጥ ሠራው። ቁመቱም ወርዱም ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ሸራው ላይ ከመድረሱ በፊትም ሆነ እየሠራው በመቶዎች የሚቆጠሩ ንድፎች ነድፏል። መጀመሪያ ካሰባቸው ሰዎች መካከል ወንዶች ነበሩ፤ በኋላ አወጣቸው። ስለዚህ “አንድ ሌሊት” የሚለው ቀርቷል። “አንድ ሥዕል” የሚለውስ? ይህ ሥዕል ለሕዝብ የታየው በ1916 ነው። እስከዚያ ድረስ ሰዓሊው ቤት ተቀምጦ ጥቂት ወዳጆች ብቻ ያዩት ነበር። በ1916 ኪዩቢዝም ተወልዶ፣ ስም ወጥቶለት፣ ተሰድቦ፣ ተኮርጆ አልቋል። ሕዝብ ያላየው ሥዕል ብቻውን ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም።

ካዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ብራክ ነው። በ1907 መጨረሻ ገጣሚው ጊዮም አፖሊኔር ወደ ፒካሶ ቤት ይዞት ሄደ። ብራክ ሥዕሉን አይቶ ነገሩ ቤንዚን እንደ መጠጣት ነው አለ ይባላል። ደነገጠ። ግን ወደ ቤቱ ሄዶ ያንን ሥዕል አልቀዳም። ጸሐፊው የዘለሉት እዚህ ላይ ነው።

ብራክ በልቡ ውስጥ ሌላ ሰው ነበረው፤ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ፖል ሴዛን። ሴዛን በ1906 ሞተ። በዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ትልቅ የመታሰቢያ ዐውደ ርእይ ተዘጋጀለት። ብራክ በ1908 በጋ ማርሴይ አጠገብ ወዳለችው ሌስታክ ሄደ። ሌስታክ ሴዛን ብዙ ጊዜ የሣለባት የባሕር ዳር መንደር ናት። እዚያ የሠራው “የሌስታክ ቤቶች” ዛሬ ስዊዘርላንድ፣ በርን ይገኛል። ጊዜ ወስዳችሁ እዩት። ቤቶቹ በር የላቸውም። መስኮትም የላቸውም። ሰማይ የለም። ከፊት ያለው ቤትና ከኋላ ያለው ቤት እኩል ወደ እናንተ ይገፋሉ፤ ኮረብታው ወደ ኋላ መሸሽ ሲገባው ወደ ላይ ይወጣል። ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ አይመጣም፤ አንዱ ግድግዳ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ይበራል። አምስት መቶ ዓመት ገደማ የአውሮፓ ሰዓሊ “ከአንድ ቦታ ቆሜ በመስኮት አየሁ” በሚል ሕግ ነበር የሚሠራው። እዚህ ሸራ ላይ ሕጉ ሲፈታ ታያላችሁ። ጭምብል የለም፤ ራቁት ሴት የለም፤ ቅሌት የለም። ቤቶችና ዛፍ ብቻ።

ብራክ እነዚህን ሥራዎች ለፓሪሱ የመጸው ሳሎን አቀረበ፤ ሳሎን ማለት በየዓመቱ የሚደረግ ትልቅ የሥዕል ዐውደ ርእይ ነው። ዳኞቹ አልተቀበሉትም፤ ከዳኞቹ አንዱ ሰዓሊው ማቲስ ነበር። ዳንኤል-ሄንሪ ካንዋይለር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ የሥዕል ነጋዴ በኖቬምበር 1908 በትንሿ ጋለሪው አሳያቸው። ሃያሲው ሉዊ ቮክሰል ዢል ብላስ በተባለው ጋዜጣ ላይ፣ ይህ ሰው ቦታውንም ሰውንም ቤቱንም ወደ ኩብ፣ ማለት ወደ ሣጥን ቅርጽ፣ ያወርደዋል ብሎ አላገጠ። የንቅናቄው ስም የወጣው ከዚህ ፌዝ ነው። ፌዙ ያረፈው በፒካሶ ላይ አልነበረም። በብራክ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ 1914 ሁለቱ አንድ ሥራ ነው የሠሩት ማለት ይቻላል። ፓሪስ ውስጥ አንዱ ሌላው ቤት ሄዶ የውሎውን ሥራ ያይ ነበር። ብራክ በኋላ ላይ በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ሁለት ተራራ ወጪዎች ነበርን ብሏል። ማን ምን እንዳመጣ ብትከታተሉ ደግሞ “ጭራ” የሚለው ቃል ያሳፍራል።

ብራክ የቀለም ቀቢ ልጅ ነው። አባቱም አያቱም ቤት ቀቢዎች ነበሩ፤ እሱም ሙያውን ተምሯል። ርካሽ እንጨትን ውድ እንጨት ማስመሰል፣ እብነ በረድ ማስመሰል፣ በስቴንስል፣ ማለት ቅርጹ በተቆረጠ ማተሚያ፣ ፊደል መጻፍ ያውቃል። ይህ የእጅ ሙያ ኪዩቢዝም ውስጥ ገባ። ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ያለውን “ቫዮሊንና ጆግ” የተሰኘ ሥዕሉን ተመልከቱ። ቫዮሊኑ ተሰባብሯል፣ ጆጉ ተሰባብሯል። ከላይ በኩል ግን አንድ ሚስማር አለ። ጥላው ሳይቀር በድሮው ዘዴ ተሥሏል፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትነቅሉት ይመስላል። ሰውዬው በአንድ ሸራ ላይ ሁለት የውሸት ዓይነት አስቀምጦ የትኛው እውነት ነው እያለ ይጫወታል። ይህን የሚያደርግ ሰው የማንም ጭራ አይደለም።

በ1911 “ፖርቱጋላዊው” ላይ የስቴንስል ፊደልና ቁጥር አስገባ። በ1912 ጸደይ ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበት የጠረጴዛ ላስቲክ ሸራ ላይ ለጥፎ፣ ዙሪያውን በገመድ ከበበው፤ ይህ የእሱ ነው፣ ማንም አይወስድበትም። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ብራክ አቪኞን ከሚገኝ ሱቅ እንጨት የሚመስል የግድግዳ ወረቀት ገዝቶ ቆርጦ ለጠፈ፤ የመጀመሪያው የወረቀት ልጥፍ ሥዕል እሱ ነው። ቀለም ውስጥ አሸዋ መጨመርንም የጀመረው ብራክ ነው። በኦክቶበር 1912 ፒካሶ ለብራክ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ያንተን አዲሱን የወረቀትና የአቧራ ዘዴ እየተጠቀምኩበት ነው ብሎታል። መሪ ነው የተባለው ሰው በራሱ እጅ የጻፈው ነው።

እርግጥ ፒካሶ ይበልጥ ደፋር ነበር። የ“ኮረዶቹ” ድንጋጤ ባይኖር ብራክ ደማቅ የባሕር ዳር ሥዕሎቹን እየሠራ ይቀር ይሆናል። ይህን አልክድም። ያለ ብራክ ግን ፒካሶ ያንን ድንጋጤ ወደ ዘዴ የሚለውጥበት መንገድ አይታየኝም። በኦገስት 1914 ብራክ ወደ ጦር ግንባር ሲዘምት ፒካሶ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘው። በ1915 ብራክ ጭንቅላቱ ላይ ክፉኛ ቆስሎ ራስ ቅሉ በቀዶ ጥገና ተከፈተ። ሁለቱ እንደዚያ አብረው የሠሩበት ዘመን እዚያ ላይ አበቃ።

የስርቆቱ ክስ ደግሞ ጠንቀቅ ብሎ መታየት ያለበት ነው። ግማሹ እውነት ነውና።

ፒካሶ በ1907 ፓሪስ ውስጥ በነበረው የትሮካዴሮ የሥነ ሕዝብ ሙዚየም የአፍሪካና የኦሺኒያ (የፓስፊክ ደሴቶች) ጭምብሎች አይቶ መንፈሱ ተናውጧል። ከ“ኮረዶቹ” በስተቀኝ ያሉት ሁለቱ ፊቶች ይመሰክራሉ። በ1920 ግን ስለ አፍሪካ ጥበብ ሲጠየቅ “አላውቀውም” ብሎ መለሰ። ጸሐፊው ይህን በመንቀፋቸው ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። ጭምብሎቹ ሙዚየሙ የደረሱት በቅኝ ግዛት መንገድ መሆኑም አከራካሪ አይደለም። እንዲያውም ዕዳው እሳቸው ካሉት ይበልጣል እላለሁ። ፒካሶ የምዕራብ አፍሪካው የግሬቦ ሕዝብ ጭምብል ነበረው። በዚያ ጭምብል ላይ ዓይን ወደ ውስጥ የገባ ጉድጓድ አይደለም፤ ወደ ፊት የወጣ ቱቦ ነው። በ1912 ፒካሶ ከካርቶን፣ በ1914 ደግሞ ከላሜራ ጊታር ሠራ። የጊታሩን የድምፅ ቀዳዳ እዩት። ቀዳዳ መሆን ሲገባው ወደ ፊት የወጣ ቱቦ ነው። ይህን ግንኙነት የገለጸው ካንዋይለር ነው። እዚህ ላይ አፍሪካዊው ቀራጭ ለፒካሶ የሰጠው መልክ አይደለም። አንድን ነገር ሳይመስሉት መወከል እንደሚቻል የሚያሳይ ሐሳብ ነው። ከመልክ ይህ ይከብዳል።

የጎንደሩ ታሪክ ግን አይሆንም። ጸሐፊው የሚሏቸው ሥዕሎች ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የተነሡት ናቸው። እነሱን ያነሣው በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ የሚባለው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ነው። ጊዜውም 1932 ነው። ሥዕሎቹ ተነሥተው በምትካቸው ፈረንሳዊው ሰዓሊ ጋስቶን-ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተተኩ፤ ዋናዎቹ በ1933 ፓሪስ ገቡ። ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። በ1907 ፒካሶ ትሮካዴሮ ሲገባ እነዚያ ሥዕሎች ጎንደር፣ ቤታቸው ነበሩ። በ1933 የመጣ ሥዕል በ1907 የተሠራን ሥዕል ሊወልድ አይችልም።

አንድ ነገር ግን ይገርማል። የጉዞው ጸሐፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ የካንዋይለርን የእንጀራ ልጅ ያገባ ሰው ነው። ካንዋይለር ደግሞ ያው የኪዩቢስቶቹ ነጋዴ ነው። ስለዚህ የጎንደር ሥዕሎችና የኪዩቢዝም ቤተሰብ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙት ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። አባ እንጦንስ ላይ ስለተደረገው መቆጨት የፈለገ ሰው በቂ ምክንያት አለው። ለዚያ ፒካሶን መጥራት አያስፈልግም።

“የእኛ ሰዓሊዎች ቀድመው ኪዩቢስት ነበሩ” የሚለውም የሚያኮራ ይመስላል እንጂ ሥዕላችንን ያሳንሰዋል። አዎ፣ በብዙ ሥዕሎቻችን ላይ ማዕዱ ከላይ፣ ሰዎቹ ፊት ለፊት ይታያሉ። ከአንድ ቦታ ቆሞ የማየት ሕግ የለም። በዚህ ይመሳሰላሉ። ግን ዓይኑን እዩ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ያሳያል፤ ሁለት ዓይን አለው። ክፉው በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይሁዳን ወይም ሰይጣንን ማንም ሕፃን ይለየዋል። ይህ ምእመን ሁሉ የሚያነበው ሥርዓት ነው። ኪዩቢስት ፊትን ሲከፋፍል ጻድቅና ኃጥእ እየለየ አይደለም፤ የራሱ ወገኖች የለመዱትን አተያይ እየበጠበጠ ነው። የእኛ ሰዓሊ ያንን አተያይ አልተከተለም፤ ስለዚህ የሚበጠብጠው ነገር አልነበረውም። አንዱ ቋሚ ቋንቋ ነው፣ ሌላው ጠብ ነው።

ስርቆት ካልን ደግሞ እውነተኛውን ስርቆት ልንገራችሁ። ፒካሶ ከፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የተሰረቁ ሁለት የጥንት የድንጋይ ራሶች ቤቱ ነበሩት። የስፔን፣ የኢቤሪያ ራሶች ናቸው። በ1907 የሸጠለት የአፖሊኔር ወዳጅ የነበረ ሌባ ነው። የ“ኮረዶቹ” የመሐል ፊቶች ከእነዚህ ራሶች ጋር በጣም ይመሳሰላሉ። በ1911 ሞና ሊዛ ከዚያው ሙዚየም ስትጠፋ ፒካሶና አፖሊኔር ደንግጠው ራሶቹን በአንድ ጋዜጣ በኩል መለሱ። አፖሊኔር ለጥቂት ቀናት ታሰረ፤ ፒካሶም ተጠየቀ። ጸሐፊው ይህን ለምን እንደዘለሉት አላውቅም። ከሁሉ የሚጣፍጠው ሐሜት ይህ ነበር።

የቀረው የነጋዴዎቹ ሴራ ነው። ካንዋይለር ነጋዴ ነው፤ ትርፍ ይፈልጋል። በ1912 መጨረሻ ላይ ሁለቱንም በውል አስሯቸዋል። የሞስኮው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሰርጌይ ሽቹኪን ሀምሳ ገደማ የፒካሶ ሥራ የገዛ ሀብታም ነበር። እስከዚህ ልክ ነው። ግን ገበያ የሚያቀናብር ሰው ዕቃውን አይደብቅም። ካንዋይለር ከብራክ የ1908 ዐውደ ርእይ በኋላ ፓሪስ ውስጥ ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት ተወ ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሰዓሊዎችም በትልልቆቹ የፓሪስ ሳሎኖች አይታዩም ነበር። በ1911 የፓሪስ ሕዝብ “ኪዩቢስቶች” ብሎ የተንጫጫው በኢንዲፔንዳንት ሳሎን ክፍል 41 በተሰቀሉት በሜትዛንዤ፣ በግሌዝ፣ በሌዤና በጓደኞቻቸው ሥራዎች ነው። ፒካሶና ብራክ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ሥዕል አልነበራቸውም።

ጦርነቱ ሲመጣ ካንዋይለር ጀርመናዊ ነው ተብሎ የጋለሪው ዕቃ በፈረንሳይ መንግሥት ተወረሰ። ከ1921 እስከ 1923 በድሩዎ የጨረታ ቤት ተሸጠ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች በአንዴ ገበያ ላይ ሲፈስሱ ብዙዎቹ በርካሽ ወጡ። ለፈረንሳይ ጭንቅላቱን የተመታው ብራክ ሥዕሎቹ የጠላት ንብረት ተብለው ሲሸጡ አየ። ተናድዶ የጨረታውን ባለሙያ ሌዮንስ ሮዘንበርግን በቡጢ መታው። ያቀናበሩት ገበያ እንዲህ ከሆነ አቀናባሪዎቹ ሥራቸውን አያውቁም ነበር። ጸሐፊው የዛሬውን የሚሊዮን ዶላር ዋጋ ወስደው 1910 ላይ ለጥፈውታል።

የዛሬው የሥዕል ገበያ አብዷል ማለታቸው ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ለብቻው ይጻፉት፤ ከሚያጋሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።